ሳይፈራ የሚናገር፣ ሰዋስው ግን ያልተከተለው ሰው፦ የዌስ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ የ33 ዓመት ጃፓናዊ ሠዓሊ ከቶኪዮ ተነስቶ ኑሮውን ሆኖሉሉ፣ ሃዋይ አደረገ። ትምህርት ቤት የተሰናበተው ገና በ15 ዓመቱ፣ ከአንድ ሠዓሊ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ሲገባ ነው፤ የእንግሊዝኛ ትምህርትም ይህን ያህል አላየም። ሃዋይ ከገባም በኋላ ቋንቋውን ቁጭ ብሎ አላጠናም። ሥዕሉን የሚሸጠው፣ ወዳጅ የሚያፈራው፣ ቤት ውስጥ የሚያወራው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምሁር የነበሩት ሪቻርድ ሽሚት ይህን ሰው ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትለው ጥናታቸውን በ1983 አሳተሙ። ማንነቱን ለመሸፈን የሰጡት ስም ዌስ ነው።

ተማሪዎቹ አፋቸውን እንዲከፍቱ ለሚታገል አስተማሪ ይህ ጉዳይ ደጋግሞ ቢያዩት የማይሰለች ነው። ዌስ እኛ ለተማሪዎቻችን የምንመኘው ድፍረት ሁሉ ነበረው። ድፍረት ብቻውን ለአንድ ተናጋሪ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደማይሰጠው ጎን ለጎን የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ቴፖቹ ምን ያሰማሉ

ሽሚት የተጠቀሙበት መረጃ ሁለት ነው። አንዱ ከዌስ ጋር ሲውሉ የያዙት ማስታወሻ ነው። ሌላው ዌስ ወደ ቶኪዮ በተመለሰ ቁጥር ስለ ሥራውና ስለ ውሎው እየተናገረ የቀዳቸው ቴፖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት የሚሆኑ 18 ቴፖች። ጠያቂ፣ መላሽ፣ አዎ ብሎ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ሰው ፊቱ ሳይኖር አንድ ሰዓት ሙሉ በባዕድ ቋንቋ ያወራ ነበር። ለዓመታት ሰዋስው የተማረን ሰው ሁለት ደቂቃ ብቻ ይህን አድርግ ቢሉት ላብ ያጠምቀዋል።

የንግግሩ ሰዋስው ሲመረመር የተገኘው ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። የ«ኢንግ» ቅጥያና እንደ «ኢዝ» ያሉት ቃላት ከመጀመሪያውም በአብዛኛው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ ውጪ ያለው በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙም ንቅንቅ አላለም። «ኤ» እና «ዘ» ከነጭራሹ የሉም ለማለት ይቻላል፤ የኃላፊ ጊዜው «ኢድ» አይሰማም፤ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

አነጋገሩን ካየን ደግሞ ሌላ ሰው ይመስላል። መጀመሪያ አካባቢ ዌስ እንቀመጥ ወይ ለማለት «ሲቲንግ?» ይል ነበር። ቆሻሻው ይውጣ ለማለት «ዚስ ኢዝ ኦል ጋርቤጅ» ይልና ሰሚው ነገሩ እንዲገባው ይጠብቃል። በኋላ ላይ የሚሰማው ግን፣ ጊዜ ካለህ ሁለት የእጅ ቦርሳ ላክልኝ፣ ሥራ ከበዛብህ ግን ተወው የሚል ልመና ነው። ሰሚውን አያስጨንቅም፤ እምቢ ለማለት እንኳ መንገድ ይተውለታል። እንዲህ ያለ ልመና ብዙ ዓመት የተማረም ሰው ቶሎ አይመጣለትም። ሆኖም ቦርሳው ሁለት ሆኖ ሳለ የተናገረው «ቱ ሃንድባግ» ነው። እኛም «ሁለት ቦርሳ» ስለምንል ጆሯችን ላይ አይከብድ ይሆናል፤ ጃፓንኛም ብዙ ቁጥርን የግድ አይልም። እንግሊዝኛ ግን ይላል። የዌስ ጉዳይ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ፤ ትሕትናው ሞልቷል፣ ቅጥያው የለም።

ጨዋታ ላይም እንደዚሁ ነው። ወሬ ይጀምራል፣ የሌላውን ወሬ በደንብ ያዳምጣል፣ አልገባኝም ሲባል ነገሩን በሌላ መንገድ ያመጣዋል፣ አቋርጦ አይተውም። ቋንቋን ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር አያይዘው የሚያጠኑ ባለሙያዎች ስለ እሱ ሲሰሙ ጎበዝ ተማሪ ነው ይላሉ፤ የሰዋስው አስተማሪዎች ደግሞ ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። ይህን የታዘቡት ሽሚት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱም ወገን ልክ ነው።

ይህ ውጤት አንድ የታወቀ ሐሳብ አንገዳገደ። የቋንቋ ተመራማሪው ጆን ሹማን በ1970ዎቹ አልቤርቶ የተባለ (ይህም የሽፋን ስም ነው) የኮስታ ሪካ ተወላጅ ለአሥር ወር ያህል ተከታትለው ነበር። እሱም የ33 ዓመት ሰው ነበር። እንግሊዝኛው ፈቀቅ ሳይል ሲቀር ሹማን ምክንያቱን ከአካባቢው ሰው ጋር ባለው ማኅበራዊና ሥነ ልቦናዊ ርቀት ላይ ጣሉት፤ ከተናጋሪዎቹ የራቀ ሰው ቋንቋቸው ይርቀዋል የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ወዳጆቹም ኑሮውም እንግሊዝኛ የሆነው ዌስ ሰዋስውን እንደ ውሃ ሊጠጣው ይገባ ነበር። አልጠጣውም። መቅረብ አፍ ያስከፍታል፤ ቅጥያ ግን አያስተምርም።

ድፍረቱ ከየት መጣ

ሲያዩት ተፈጥሮው ነው ብሎ ማለፍ ይቀናል። ተግባቢ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ተፈጥሮ ብቻ ብንለው ግን አስተማሪው እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሌላ የሚያደርገው የለም። የቀን ውሎው ሲታይ ሊቀዱ የሚችሉ ነገሮች አሉበት።

የመጀመሪያው ጉዳይ ይዞ መናገሩ ነው። ዌስ እንግሊዝኛ ሊለማመድ ብሎ አፉን አልከፈተም፤ ሥዕል መሸጥ፣ ዕቃ ማስላክ፣ ቀጠሮ መያዝ ነበረበት። ንግግሩ የሚመዘነው ጉዳዩ በመሳካቱ እንጂ በጥራቱ አልነበረም። የክፍል ውስጥ ንግግር ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። አስተማሪው መልሱን እያወቀ ይጠይቃል፤ ተማሪው የሚሰጠው መረጃ ማንም የማይፈልገው ስለሆነ ለሰሚው የሚቀረው ስህተቱን ማየት ብቻ ነው። ተማሪም ይህን ያውቀዋል፤ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰዎቹ ናቸው። የዌስ አድማጮች በአብዛኛው የሚያውቁት፣ የሚወዱት፣ አነጋገሩን የለመዱ ሰዎች ነበሩ። ፒተር ማክንታየርና ባልደረቦቹ በ1998 ባወጡት ታዋቂ ሞዴል፣ አንድ ሰው አፉን ሊከፍት ሲል በመጨረሻ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ከተወሰነ ሰው ጋር የመነጋገር ፍላጎትና በዚያች ቅጽበት ያለው በራስ መተማመን። በራስ መተማመን ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞር ንብረት አይደለም፤ ከአንዱ ጋር ይመጣል፣ ከሌላው ጋር ይጠፋል። ጓደኛው ጋ ሲያወራ የዋለ ተማሪ አርባ ሰው ፊት ሲቆም ቢደርቅ ሊያስገርመን አይገባም።

ሦስተኛው ዝግጁ ሐረግ ነው። ዌስ እንደ «ሻል ዊ» እና «ካን አይ ሃቭ» ያሉ ሐረጎችን በቁማቸው ይዞ፣ መጨረሻቸውን እየቀያየረ ይሠራባቸው ነበር። ሐረጉ ከአፉ ሲወጣ አእምሮው ቀጥሎ የሚለውን ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። አቀላጥፎ መናገር ከምንለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ ይኸው ነው።

ወደ ክፍል ሲመጣ

ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው ቢያንስ ለአንድ ወር የማይቀያየር ቡድን ይመሥርቱ። ስድስት የሆነበት ምክንያት ከዚህ በታች ያለው ልምምድ ሦስት ተናጋሪና ሦስት አድማጭ ስለሚፈልግ ነው። ልምምዱ 4/3/2 ይባላል፤ ኪት ሞሪስ በ1983 ያቀረቡት፣ በኋላም ፖል ኔሽን ያስፋፉት ነው። ሦስቱ ተናጋሪዎች ከሦስቱ አድማጮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ተናጋሪው ያንኑ ጉዳይ ለመጀመሪያው አድማጭ በ4 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው በ3፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ይናገራል። የሚንቀሳቀሱት አድማጮቹ ናቸው። ከዚያ ሚና ይቀያየራሉ። ዝግጅቱንና መቀያየሩን ጨምሮ 25 ደቂቃ ይበቃል። ለጀማሪ 4 ደቂቃ የማያልቅ ጊዜ ስለሆነ 2 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ አንድ ደቂቃ ማድረግ ይሻላል።

ሲያዩት ቀላል ነው፤ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ግን ብዙ ናቸው። ተማሪው ጽፎ ካመጣ ያነባል እንጂ አይናገርም፤ ከአምስት ቃል በላይ ማስታወሻ አይፈቀድ። ርዕሱ ስለማያውቀው ነገር ከሆነ ቃል ፍለጋ ላይ ይቀርና መፍጠን የሚባለው ነገር አይመጣም፤ ስለ ሠራው ሥራ፣ ስለ ሄደበት መንገድ፣ ስለ ተበላሸበት ዕቃ ይናገር። አድማጩ ሥራ ከሌለው ዓይኑ መስኮት ላይ ይቀራል፣ ተናጋሪውም ያኔውኑ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለአድማጩ ጉዳይ ይስጡት። ለምሳሌ ተናጋሪው ስለ ሦስት ዕቃዎች ይናገርና አድማጩ የትኛውን እንደሚገዛና ለምን እንደሆነ ይወስን። ያኔ ልክ እንደ ዌስ ገዢዎች መረጃውን በእርግጥ ይፈልገዋል። ትልቁ ጥፋት ግን የአስተማሪው ነው። በመካከል እየዞረ «ዌንት በል እንጂ» ያለ አስተማሪ የ25 ደቂቃውን ሥራ በአንድ ቃል ያፈርሰዋል።

ከዚህ በፊት ግን፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ የመውጫ ሐረጎች መሰጠት አለባቸው። ሰው ለመናገር የሚፈራው ስህተትን ብቻ አይደለም፤ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ መቅረትን ነው። «ሌት ሚ ቲንክ»፣ «ሃው ዱ ዩ ሴይ...»፣ «ዋት አይ ሚን ኢዝ»፣ «ሶሪ፣ ካን ዩ ሴይ ዛት አጌን?»፣ «ዱ ዩ ሚን...?» እነዚህን አምስቱን አጥንተው ብቻ ሳይሆን ሳያስቡ እስኪያወጧቸው ድረስ ይደጋግሟቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አድማጩ በየሦስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ሆን ብሎ አልገባኝም ይበል፤ ተናጋሪው ሳይደነግጥ ከአምስቱ አንዱን ካወጣ ሐረጉ ገብቶታል። ዌስ ነገሩን በሌላ መንገድ ማምጣት የሚችል ሰው ስለነበር ሰው አልገባኝም ቢለው አይደነግጥም ነበር፤ ፍርሃት ቦታ የሚያጣው እንዲህ ነው።

ለሙሉ ክፍል ጥያቄ ሲቀርብ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅን የሚያህል መድኃኒት የለም። ሜሪ በድ ሮ በአሜሪካ የሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ባደረጉት ጥናት አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሄድ መልሶቹ ረዘሙ፣ አላውቅም የሚለው ቀነሰ። እዚያ የነበሩት ተማሪዎች የሚያስቡት በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ በሌላ ቋንቋ ለሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው ጊዜ ከዚያ አያንስም። ሦስት ሰከንድ ሲነገር አጭር ነው፤ ክፍል ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ አስተማሪ ግን ረጅም ነው፣ ብዙዎች አንድ ተኩል ላይ ሲደርሱ መልሱን ራሳቸው ይናገሩታል። በልብ መቁጠር ይረዳል።

ዌስ የጎደለው

እስካሁን ያለው ሁሉ በትክክል ቢፈጸም የሚፈጠረው ተማሪ ዌስ ነው። ይህን ማለት የፈለግነው በምስጋናም በማስጠንቀቂያም ነው። ፍራንክ ቦርስ በ2014 የ4/3/2 ልምምድን መልሰው ሲመረምሩ ተማሪዎቹ እየፈጠኑ ቢሄዱም ብዙውን አባባል፣ ከነስህተቱ፣ ቃል በቃል እንደሚደግሙት አዩ። በሦስት ዙር ሦስት ጊዜ የተባለች «ቱ ሃንድባግ» ሦስት ጊዜ ትጠነክራለች።

ዌስ ይህን ሁሉ ዓመት ትክክለኛውን ቅርጽ ሲሰማ ውሏል። የአሜሪካ ጓደኞቹ በየቀኑ «ኤስ» ይላሉ፣ «ኢድ» ይላሉ። ታዲያ ለምን አልያዘውም? ሽሚት መልሱን ያገኙት ከሌላ አቅጣጫ ነው። ለአምስት ወር ያህል ሪዮ ዴ ጃኔይሮ በቆዩበት ጊዜ ራሳቸው ፖርቱጋልኛ ተማሩ፣ የዕለት ማስታወሻም ያዙ። በ1986 ከሲልቪያ ፍሮታ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ያ ማስታወሻ ከተቀዳ ንግግራቸው ጋር ተነጻጸረ። ጆሯቸው ደጋግሞ የሰማው ነገር ሁሉ አፋቸው ላይ አልመጣም። የመጣው በአብዛኛው፣ ለካ እንዲህ ነው የሚሉት ብለው ማስታወሻቸው ላይ ያሰፈሩት ነው። ከዚህ ተነስተው በ1990 ልብ ያላሉትን ነገር መማር አይቻልም የሚለውን ታዋቂ ሐሳባቸውን አቀረቡ። ዌስ ልብ የሚለው ለነገሩ ነበር፤ ነገሩ ለተጫነበት ቅርጽ አልነበረም። እንግሊዝኛው እንግዳ እንደሚመስል ራሱም ያውቃል፤ ሳልማር፣ እየሰማሁ ብቻ ስለምናገር ነው ብሎ ምክንያቱን ይሰጣል።

እዚህ ላይ አስተማሪው የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው፤ ቦታው ግን ወሳኝ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል አምስት ደቂቃ ያስገቡ። ተናጋሪው ሁለተኛውን ዙር በስልኩ ይቅዳ፤ ከዚያ ከቅጂው 30 ሰከንድ ያህል ሰምቶ የተናገረውን ቃል በቃል ይጻፍ። ያሰበውን ሳይሆን ያለውን። ብዙ ተማሪ ሲጽፍ ሳያውቀው ያርማል፣ «ቱ ሃንድባግስ» ብሎ ይጽፍና ቅጂውን መልሶ ሲሰማ የለም። ያቺ ቅጽበት ናት የምንፈልጋት። ከአፉ የወጣውና ያሰበው እንደማይገጥሙ ያየ ሰው ለሦስተኛው ዙር የሚመለሰው በሌላ ጆሮ ነው። ጊዜ ካጠረ ጽሑፉ የቤት ሥራ ይሁን፤ ንግግርን መገልበጥ ለለመደ ሰው እንኳ ከንግግሩ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል።

በአንድ ጊዜ የሚታየው ቅርጽ ግን አንድ ብቻ ይሁን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል። የብዙ ቁጥር «ኤስ» ከሆነ እሱ ብቻ። ተማሪው ገልብጦ ባመጣው ወረቀት ላይ አስተማሪው ሃያ ቦታ ቀይ ካደረገ የመጀመሪያው ወር ድፍረት በአንድ ከሰዓት ይፈሳል።

ሌላው አስተማሪው በቃል የሚያርምበት መንገድ ነው። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ሞንትሪያል አካባቢ ባሉ አራት የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ክፍሎች ውስጥ ከአስተማሪዎቹ እርማት 55 በመቶው የተማሪውን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ መናገር ነበር። ተማሪዎቹ ለዚህ እርማት ምላሽ የሰጡት በ31 በመቶው ብቻ ነው። ሲታይ እንዲህ ነው፦

— የስተርዴይ አይ ጎ ቱ ማርኬት።
— ኦ፣ ዩ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት?
— የስ።

ተማሪው የሰማው ጥያቄ ነው፤ እውነቱንም መለሰ። እርማቱ ጆሮው አጠገብ አልፎ ሄደ። ዌስም ሦስት ዓመት ሙሉ ከወዳጆቹ የደረሰው እርማት፣ ደርሶት ከሆነ፣ ይህን መሰል ነው። በአንጻሩ፦

— የስተርዴይ አይ ጎ ቱ ማርኬት።
— የስተርዴይ አይ...?
— አይ... ዌንት። አይ ዌንት ቱ ማርኬት።

በዚያው ጥናት ተማሪው ራሱ እንዲያወጣው የሚገፋው ይህ ዓይነቱ እርማት ሁልጊዜ ምላሽ አግኝቷል። «ዘ» አሁንም የለም፤ ይለፍ፣ የሳምንቱ ሥራ እሱ አይደለም። ይህ መንገድ የሚሠራው ተማሪው ቅርጹን ቀድሞ የሚያውቀው ሲሆን ነው። የማያውቀውን ሰው «የስተርዴይ አይ...?» ብሎ መጠበቅ ሰው ፊት ማቆም ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ነግሮ ማለፍ ይሻላል። ዓይን አፋር ለሆነም ተማሪ በክፍሉ ፊት አይደረግም። በስድስቱ ቡድን ውስጥ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከንግግሩ በኋላ ይሁን።

አስቸጋሪው የሚሆነው እውነተኛ ዌስ ክፍል ሲገባ ነው፤ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ሁሉም የሚረዳው፣ ለውጥም የማይፈልግ ሰው። ሰዋስው ተማር ቢሉት ለምን እንደሚያስፈልገው አይገባውም፤ በልቶበታል፣ ሸጦበታል። እንግሊዝኛውን የሚፈልገው ለወዳጆቹና ለገበያው ብቻ ከሆነ መጎትጎቱ ጥቅሙ አይታየንም። ደብዳቤ መጻፍ፣ ሥራ ማመልከት፣ ከማያውቁት ሰዎች ጋር ስብሰባ መቀመጥ ካለበት ግን የሚያውቁት ሰዎች የሚሰጡትን ትዕግሥት እዚያ አያገኝም፤ ይህን በግልጽ መንገር ነው። ከዚያ የአንድ ደቂቃ ቅጂ ይቀዳና ብዙ ቁጥር የሚያስፈልግባቸውን ቦታዎች ይቁጠር፣ «ኤስ» የተባለበትንም ይቁጠር። ሽሚት የዌስን ቴፖች ያዩት በመሠረቱ በዚህ ስሌት ነው፤ ከሚያስፈልግበት ስንቱ ላይ ተገኘ። ከአሥር ቦታ በሦስቱ ላይ ብቻ ከሆነ 3/10 ብሎ ቀኑን ጽፎ ያስቀምጠዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለዚያው ጉዳይ፣ ለዚያው ቡድን፣ ያለ ማስታወሻ እንደገና ይናገራል። የሚቆጥረው ራሱ ነው።